ከኒሟ ሥር የፈሰሰ መረቅ

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

አሥራ አንድ አንሶላ አጠብኩ። ወገቤ ቁርጥ ብሏል። የውኃው ጋሪ ዛሬም አርፍዶ መጣ... ባለ ጋሪው ሲያንቀላፋ አህያው በራሱ ጊዜ እኛ በር ላይ ቆመ። ከሁለቱ አህያው ይሻላል።

ግቢው ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል። አራቱን ክፍል ልጅ የታመመባቸው፣ ከካርቱም ሸሽተው የመጡ እናቶች ይዘውታል። ባዶው ሦስተኛው ክፍል ብቻ ነው። እሱን ሁለት ጊዜ ጠረግኩት። ሁልጊዜም ሁለት ጊዜ ነው የምጠርገው። ልጄ ማሬ የተኛችው እዚያ ነበር። የገዳሪፍ ሆስፒታል ቅርብ ስለሆነ መርፌዋን ተወግታ ትመለስና መስኮቱ ሥር ያለው የገመድ አልጋ ላይ ጋደም ትላለች። ስድስት ዓመቷ ነበር። ይኸው ስምንት ዓመት ሆነ። ከቀበርኳት በኋላ ወደ መተማ መመለስ አቃተኝ። የግቢው ባለቤት ሐጃ ባሕሪያ «እዚሁ ሁኚና ቤቱን ያዥልኝ» አሉኝ። ቀረሁ።

ያኔ የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ከድንበሩ ከገላባት የሚመጣው ሎሪ አያባራም ነበር። አጫጆቹ ከላይ ቁጭ ብለው እየዘፈኑ ያልፋሉ። ማሬ በመስኮት እያየች «እማ፣ እነዚህ የኛ አገር ሰዎች ናቸው!» ትለኛለች። ያለፈውን ሁሉ የኛ አገር ሰው ታደርገው ነበር። ዘንድሮ ሎሪውም ዘፈኑም ጥቂት ነው... ወይስ የማልሰማው እኔ ነኝ?

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

ሦስተኛው ክፍል ሰው ገባበት። ዙፋን ትባላለች። የአርማጭሆ ልጅ ናት፤ ገላባት አጠገብ እርሻ ላይ ለአጫጆች ስታበስል የከረመች። ልጇ ምስጋናው አምስት ዓመቱ ነው። ሆዱ ተነፍቷል፣ እግሩ ሰልሏል። ካላዛር። ከነገ ጀምሮ አሥራ ሰባት ቀን መርፌ። የማሬም ይኸው ነበር፤ በሽታውም፣ የመርፌው ቀንም።

ሐጃ በዱላቸው እየተደገፉ ወጥተው ተቀበሏት። የጎንደር አዲስ ዓለም ልጅ ናቸው፤ ገዳሪፍ ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጨርቅ ነግደዋል። ባላቸው ሲሞቱ ግቢውን ለታመመ ልጅ ወላጆች ማረፊያ ይሁን ብለው ተናዝዘው ነው የሄዱት።

«ከየት ነሽ ልጄ?»

«ከትክል ድንጋይ ነኝ እናቴ።»

«አህለን! የአገሬ ሰው! ግቢ፣ ቤትሽ ነው።»

ዙፋን እጃቸው ላይ ያለውን መቁጠሪያ፣ ሙስበሃውን አየች። ስታየው አየኋት።

ጥቅምት 26፣ ረቡዕ

የምስጋናው የደም መጠን ስድስት ተኩል ነው አሉ። ዶክተሩ በአረብኛ «ጉበት፣ ሥጋ፣ መረቅ» ሲል እኔ ለዙፋን አስተረጎምኩላት። ልጁን ወተት ያስመልሰዋል። ፉሉን ሁለቴ ይጎርስና ይተወዋል። ሐጃ በገዛ እጃቸው የሥጋ መረቅ፣ ሹርባ ሠርተው ላኩለት። ዙፋን በሁለት እጇ ተቀብላ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ገባች። በሩን ዘጋችው... በዚህ ሙቀት?

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

ምስጋናው ዛሬ ከካርቱም ልጆች ጋር ትንሽ ተጫወተ። የራኩባው ዳስ ጥላ ሥር ጠጠር ደርድረው «ዋሕድ፣ ኢትኔን፣ ተላታ» ያስቆጥሩታል። ተላታ ላይ ሲደርስ ደከመው። ተቀመጠ።

ማሬ እኮ በአንድ ሳምንት አረብኛውን ለቅማ ለቅማ እኔን አስተርጓሚ አስፈለገኝ! አንድ ቀን ጠዋት ሐጃን «ሐቦባ» ብላ ጠራቻቸው። አያቴ ማለት ነው። ማንም አላስተማራትም፤ ከሱዳን ልጆች ሰምታ ነው። ሐጃ ልጅ አልወለዱም። እንደዚያ ብሎ የጠራቸው ሰው በዕድሜያቸው ኖሮ አያውቅም። ያን ቀን ሱቃቸውን ሳይከፍቱ ዋሉ። ማታ ላይ ቢጫ ጨርቅ ይዘው መጡና ቀሚስ ሰፉላት። ቀሚሱ ሰፋት። «ምን አለበት፣ ታድግበታለች» አሉ።

ያኔ ከሰዓት በኋላ ራኩባው ሥር ሦስታችን እንቀመጣለን። ሐጃ ስለ ጎንደር ያወራሉ፣ ስለ ጥምቀቱ ሳይቀር። እስላም ሆነው ስለ ጥምቀት ከኔ ይበልጥ ያውቃሉ። ማሬ በመሐል ትጠይቃለች፣ መልሱን ሳትሰማ ሌላ ትጠይቃለች...

ልጄ ታማ እኔ ደስተኛ ነበርኩ ብል ማን ያምነኛል? ግን ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ሆኜ አላውቅም።

ኅዳር 1፣ ሰኞ

አምስት ተኩል። ወረደ።

ዶክተሩ ተቆጣ። «ምንድን ነው የምታበሉት?» ከአምስት ከወረደ ደም ካልተሰጠው ልቡ አይችልም አለ። ደም ደግሞ ማፊ፣ የለም። ያለው ሁሉ ለጦርነቱ ቁስለኛ ይሄዳል። ዙፋን ክንዷን ዘረጋች፣ የሷ ደም አልገጠመም። እኔም ሞከርኩ፣ የኔም።

ሐጃ ግራ የገባቸው ይመስላሉ። «ሳህኑ በየቀኑ ባዶውን እኮ ነው የሚመለሰው!»

ዙፋን ወለሉን ታያለች። ያን አንገት መድፋት የማውቀው መሰለኝ።

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

ከማድ ቤቱ ጀርባ፣ ኒሟ ዛፍ ሥር። ድመቶቹ ተሰብስበዋል። አፈሩ ቅባት ጠጥቶ ጠቁሯል፣ ጉንዳን ወርሮታል።

ማንም ማሳየት አላስፈለገውም። ቦታውን አውቀዋለሁ። እኔም የማፈሰው እዚያው ነበር።

እንግዲህ ጻፍኩት። ለነፍስ አባት እንኳ ያልተናገርኩትን። ሐጃ ለማሬ የሚልኩትን መረቅ፣ የእስላም እርድ ነው ብዬ፣ አፏ ሳላደርስ ኒሟ ሥር እደፋው ነበር። ከዚያ ሳህኑን አጥቤ «ጨረሰችው፣ እግዜር ይስጥልኝ» እያልኩ እመልሳለሁ። መርፌው በተጀመረ በአሥራ ሦስተኛው ቀን ማሬ...

ከደሟ ማነስ ነው ወይስ ከበሽታው? ማንም አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅኩም። ጠይቄ ቢነግሩኝስ?

ኅዳር 3፣ ረቡዕ

አልተናገርኩም። ቀኑን ሙሉ በሯ ላይ እየደረስኩ ተመለስኩ። ፈሪ።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

ነገርኳት። ምስጋናው ተኝቶ ነበር።

«ዙፋንዬ፣ መረቁን የት ነው የምታደርጊው?»

ደነገጠች። ወዲያው ግን ቀና አለች። «ምን ላድርግ? ማዕተቡን በጥሼ ላድነው?»

«እኔም እንዲያ ብዬ ነበር።»

«አንቺም? ከዚያስ?»

«ልጄ የለችም።»

ቆይታ ቀስ ብላ «በዚያ የተነሳ ነው?» አለችኝ።

«አላውቅም። የሚገድለኝም እሱ ነው፣ አለማወቄ።»

አለቀሰች። አባበልኳት። ማዕተቡን በጥሺ ያለሽ የለም፣ ዶሮ እናመጣለን፣ የክርስቲያን እጅ ይባርካታል አልኳት። ከአፌ ሲወጣ እኔው ራሴ ደነገጥኩ። ይህን ያህል ቀላል ነበር? ያኔ ለምን አልመጣልኝም?... መጥቶልኝ ነበር። አፍሬ ነው። አስጠልለው፣ አልጋ ሰጥተው፣ በእጃቸው ሠርተው ለላኩልኝ ሴት «የእርስዎን አንበላም» እንዴት ይባላል? ይሉኝታ ይዞኝ ነው። ለይሉኝታ ስል ልጄን... በቃ።

ኅዳር 5፣ ዓርብ

ዶሮው ቢገኝ በምን ይሠራል? የቤቱ ድስት ሁሉ የእስላም ሥጋ የተሠራበት ነው። አዲስ ድስት ለመጠየቅ ለሐጃ መናገር ግድ ሆነ። የዙፋንን ነገርኳቸው። ከዚያ የኔንም። ቆሜ ነው የነገርኳቸው፤ መቀመጥ አልቻልኩም።

ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡ። ኸላስ፣ በቃ ዛሬ ተባረርኩ ብዬ ልብሴን ማጣጠፍ ጀመርኩ። ሲመለሱ ወረቀቱ ያልተላጠ አዲስ ድስት ይዘዋል።

«የእናንተ ይሁን። ከእኛ ድስት ጋር እንዳይነካካ። ምን ትፈሪያለሽ? እኔስ የእናንተን እርድ እበላለሁ እንዴ?»

ስለ ማሬ አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

ዶሮዋ ተገዛች። የሚባርክ ወንድ ግን የለም! ሁለት ሴቶች ዶሮ ታቅፈን በገዳሪፍ ፀሐይ ክርስቲያን ፍለጋ ዞርን። የራክሻው ባጃጅ ሾፌሮች ሳቁብን። ሰሊጥ መጋዘን በር ላይ አንገታቸው ላይ ማዕተብ ያሰሩ ሽማግሌ ዘበኛ አየን። ገብረሚካኤል ይባላሉ። ከትግራይ ሸሽተው፣ መንደር 8 የስደተኞች መጠለያ ከርመው፣ እዚህ ሥራ ያገኙ። አነጋገራችንን ሲሰሙ ዝም አሉ። ስማቸውን ስትሰማ ዙፋንም ዝም አለች። ዶሮዋ ብቻ ነበረች የምትጮኸው።

ኋላ እሳቸው ቀደሙ። «ዓርብ ቀን ዶሮ?»

«ለሕፃን ነው አባቴ። ታሞብኛል» አለች ዙፋን።

ቢላቸውን አውጥተው አጠቡት። «የክርስትና ስሙ ማን ይባላል?»

«ኃይለ ጊዮርጊስ።»

ወደ ምሥራቅ ዞረው በስመ አብ ብለው ባረኩ። የእጃቸውን ዋጋ ብንሰጣቸው እምቢ አሉ። «ስትጨርሱ ሌላ አምጡ። እዚሁ ነኝ፣ ጓለይ» አሏት፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ጠጣ! ሁለት ሳህን። አላስመለሰውም። ዙፋን በሩን ከፍታ ነው ያበላችው።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

ሦስተኛዋ ዶሮ። ጋሽ ገብረሚካኤል ዛሬ እኛ ሳንሄድ ራሳቸው መጡ። ምስጋናውን አይተው፣ ግንባሩ ላይ እጃቸውን ጭነው አባታችን ሆይ ደገሙለት። ሐጃ በስተጀርባ ቆመው «አሚን» ሲሉ ሰማሁ።

ኅዳር 11፣ ሐሙስ

አሥራ ሰባተኛው መርፌ። ደሙ ሰባት!

ዙፋን ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ እልል ብላ ነርሶቹን አስደነገጠች። እኔም እልል አልኩ። ከዚያ ቤት ስገባ ቀናሁባት። እንዲህ ዓይነት ሰው አለ? በዳነ ሕፃን የሚቀና? አለ፣ እኔ ነኝ። ኋላ ግን ምስጋናው መጥቶ ጭኔ ላይ ተቀመጠ። ከብዷል። ቅናቱ ለቀቀኝ።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ጠዋት ሄዱ። ግቢው ጭር አለ። ከሰዓት ሐጃ ጠሩኝ።

«ቁጭ በይ እየሩስ። ያኔ አውቄ ነበር።»

«ምኑን ሐጃ?»

«መረቁን። ድመቶቹን አይቻለሁ። ሳህኑን ስትመልሺም ዓይንሽን አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን...»

«ተቀየምኩሽ። በእጄ የሠራሁትን ተጸየፈችው ብዬ። እኔ እኮ ደንቡን አውቃለሁ፤ አባቴ ቤት ሠርግ ሲሆን ለክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ለብቻ ይታረድ፣ ለብቻ ይሠራ ነበር። ግን አፍ አውጥታ ትጠይቀኝ ብዬ ጠበቅኩ። ወላሂ ልጄ፣ በሰገድኩ ቁጥር ያቺ ልጅ ናት ፊቴ ላይ የምትመጣው።»

ተናደድኩ። እውነቱን ልጻፍ፣ ተነሥቼ ልሄድ ነበር። አንዲት ቃል! አንዲት ቃል ቢተነፍሱ!... በር ላይ ስደርስ ያችው ቃል ከኔም አፍ እንዳልወጣች ትዝ አለኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩ። ያለቅሳሉ። እኔም።

ከዚያ ስለ ማሬ አወራን። እስኪመሽ። ስምንት ዓመት በአንድ ግቢ ስንኖር ስሟን ፈርተን ነው የኖርነው። የወለቀ ጥርሷን በምላሷ ስትነካካ፣ ጨው ሰርቃ ስትልስ፣ ሐጃን «ጫማዎት ግራና ቀኙ ተቀያይሯል» ብላ ስትስቅ... እሳቸው ያስታወሱትን እኔ ረስቼው፣ እኔ የማውቀውን እሳቸው ሳያዩት። ልጄን በእጥፍ አገኘኋት።

ኅዳር 14፣ እሑድ

ነገ ጾም ይገባል። ቅበላውን ከጋሽ ገብረሚካኤል ጋር በላን።

ከሰዓት ላይ አንዲት እናት ሕፃን አዝላ ከከሰላ መጣች። ማን እንደሆነች፣ ልጁን ምን እንዳመመው ገና አላወቅንም። ልነሣ ስል ሐጃ በዱላቸው ቀድመውኝ በሩ ላይ ደረሱ። ገና ጓዟን ሳታወርድ፣ አገሯን እንኳ ሳይጠይቋት፦

«ልጅሽ የማንን እርድ ነው የሚበላው?» አሏት።

ሴትዮዋ ደነገጠች። ሐጃን አየች፣ እኔን አየች።

«ንገሪያቸው» አልኳት። «አይቀየሙም። ሁለቱንም እንሠራለን።»

ነገረቻቸው። ሐጃ ራሳቸውን ነቀነቁና ሕፃኑን ከጀርባዋ ተቀበሏት።

እኔ ማድ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ማሬ ብትኖር ዘንድሮ አሥራ አራት ትሞላ ነበር።