ለእንግዶች ሲባል ስለተረጨው ስንዴ

ለተከበሩ አቶ ተስፋሚካኤል፣ የስንዴ ዘር ማሻሻያ ጣቢያችን ኃላፊ
አቃቂ

ጥቅምት 10 ቀን በገበሬው በአቶ ኦላና ማሳ ላይ ቢጫ ዋግ የተባለው የስንዴ በሽታ ታየ። ማሳው የተዘራው ጣቢያችን አምና ዋግን ይቋቋማል ብሎ በመዘገበው በቁጥር 17 ዘር ነው።

ክቡር ሆይ፣ እርስዎና ቤተሰብዎ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። በጣቢያው ዘጠኝ ዓመት በመስክ ረዳትነት ያገለገልኩት ነቢዩ ነኝ። ይህን ቢሮዎ ገብቼ መናገር ይገባኝ ነበር፤ አልደፈርኩም። አሁን በጋዜጣ የምጽፈውም ደፋር ስለሆንኩ ሳይሆን፣ ከአቶ ኦላና ጋር በአንድ የቱሉ ዲምቱ ሚኒባስ ስለምሳፈርና ፊታቸውን ማየት ስላቃተኝ ነው።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. አምና እንግዶች ጣቢያችንን ሊጎበኙ ሳምንት ሲቀረው የሙከራ ማሳው ፀረ ዋግ መድኃኒት እንዲረጭ ስላዘዙ አመሰግናለሁ። አንባቢ እንዲያውቀው ያህል፣ በማሳው ዙሪያ በዋግ ቶሎ የሚያዝ ስንዴ ሆን ብለን የምንዘራው በሽታው ወደ መሃል ገብቶ ጠንካራውን ዘር ከደካማው እንዲለይልን ነው። እርስዎ ግን የታመመ ስንዴ ለእንግዳ ማሳየት ነውር መሆኑን አስተማሩን። እውነትም ማሳው አማረ፤ ከእንግዶቹ መካከል ፎቶ ሳይነሣ የሄደ አልነበረም።

2. ተመራማሪያችን ወይዘሮ እየሩሳሌም ለሥልጠና በሄዱበት ሰሞን ይህን እንድናደርግ በማዘዝ ከብዙ ድካም ስላሳረፏቸው አመሰግናለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ያዳቀሉት ቁጥር 4 በአንድ ብርቱ መከላከያ ላይ የቆመ አልነበረም፤ ብዙ ትንንሽ መከላከያዎች ተደጋግፈው ዋጉ ቢገባም እንዳይስፋፋ፣ ለረጅም ዓመትም እንዳይረታ ታስቦ የተሠራ ዘር ነበር። መድኃኒቱ ሁሉንም እኩል ንጹሕ ስላደረጋቸው ቁጥር 17 በምርት በልጦ ተመረጠ፣ ቁጥር 4 ወደቀ። ወይዘሮ እየሩሳሌም ተመልሰው መዝገቡን ሲያዩ፣ በዕድሜያቸው እንዲህ ዋግ የጠፋበት ክረምት አይተው እንደማያውቁ እየተገረሙ ነገሩኝ።

3. ይህኛው እንኳ እርስዎን አይመለከትም። የመርጫውን ታንክ በጀርባዬ ያዘልኩት እኔ ነኝ። በመዝገቡ ላይ የተረጨ መድኃኒት የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ ባዶ ተውኩት። ከጎኑ «ዋግ፦ ዜሮ» ብዬ ፈረምኩ። እጄን ይዞ ያስፈረመኝ ሰው አልነበረም። አቶ ኦላና ዘንድሮ ማሳቸውን ለዘር ማባዣ ሲሰጡ፣ መድኃኒት ያስፈልግ እንደሆነ የጠየቁት እኔን ነው። አያስፈልግም አልኳቸው። ስንዴያቸው ቢጫ ሆኖም አልወቀሱኝም፤ ዋግ በነፋስ የሚመጣ ነገር ስለሆነ አንተ ምን ታደርግ ልጄ ብለው አጽናኑኝ። ቢሰድቡኝ በተሻለኝ።

ለዘር ምርምር ስላበረከቱት የመስተንግዶ ችሎታ ጥልቅ አክብሮቴን እየገለጽኩ፣ የመዝገቡን ገጽ አርሜ ለዘር አጽዳቂ ኮሚቴው መላኬን በትሕትና አስታውቃለሁ።

አምና ከሚገባው በላይ የታዘዝኩዎ፣
ነቢዩ በዛብህ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ከሥራ ሊያሰናብቱኝ ካሰቡ ጥቂት ቀን እንዲታገሡኝ እለምናለሁ፤ የተባረረ ሰው ቂሙን ነው የሚያወራው ለማለት እንዳይመችዎ ነው። ቁጥር 17 ለገበሬው ይሠራጭ ወይስ ሙከራው ሳይረጭ ይደገም የሚለውን ኮሚቴው የሚወስነው ኅዳር 5 ቀን ነው።