መርማሪዋ እኔ ነኝ

መጋቢት 12 ቀን፣ ረፋድ ላይ

ለምሳሳልህ ልጄ፣

ጉልበቴ ደህና ነው፤ ስለ እሱ አታስብ። ሚስትህ ገበያ ወጥታለች። ይህን ሳትመለስ መጨረስ አለብኝ። ደረጃው ላይ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ወረቀቱን ትራሴ ስር እሸጉጣለሁ። በገዛ ቤቴ ሌባ ሆንኩልህ።

ወደ አንተ የምትመጣበት የቪዛ ቃለ መጠይቋ ደርሷል። እንግሊዝኛው ስለሚያስፈራት በየቀኑ ከሰዓት በኋላ እንለማመዳለን፤ ያለፈውን ጊዜ፣ የአሁኑን፣ የወደፊቱን፣ ከዚያ «ማስት» እና «ሜይ» የሚባሉትን ረዳት ግሶች። የስልክ ኦፕሬተር ሳለሁ መስመር የማገናኝበት እንግሊዝኛ ገና አልጠፋኝም። መነጽሬን አደርግና ቪዛ ሰጪዋ እሆናለሁ።

«እማማ፣ ፊትዎን ያጥቁሩብኝ» አለችኝ በመጀመሪያው ቀን። «እዚያ ኤምባሲ ያሉት ማንንም አያምኑም አሉ።»

«ለአማት ፊት ማጥቆር ታስተምሪያለሽ?»

ሳቀች። እኔም አጠቆርኩ። ችግሩ፣ ከዚያ ወዲህ ፊቴ አልፈታ አለኝ።

ያለፈውን ስጠይቃት ውሃ ናት። የት ተዋወቃችሁ፣ ሠርጉ ላይ እነማን ነበሩ፤ አንድ ግስ አይሰበርባትም። የወደፊቱም አያቅታትም። ነገ ልብስ አጥባለሁ። ዝናብ ሊዘንብ ይችላል። መድኃኒትዎን መዋጥ አለብዎት። ሁሉንም አስተካክላ ትለዋለች። ከዚያ «ስትደርሺ ከማን ጋር ትኖሪያለሽ?» እላታለሁ።

ጥፍሯን ታያለች።

አልገባት ይሆናል አልኩ። በማግስቱ ጥያቄውን ዘወር አድርጌ አመጣሁት። «የመድኃኒትዎ ሰዓት ደረሰ» ብላ ተነሳች። ያኔ ነው የጠረጠርኩት። ልጄን መሻገሪያ ልታደርገው ነው አልኩ። ስልክ ስታወራ በር ላይ ቆምኩ። ቦርሳዋን ከፈትኩ፤ ማበጠሪያና የአውቶቡስ ቲኬት። ቲኬቱን ሳይቀር አገላብጬ አየሁት።

ትናንት ደግሜ ጠየቅኳት። ብድግ አለችና «ዛሬ ቦታ እንቀያየር» አለችኝ። መነጽሬን ከፊቴ አንስታ እራሷ አደረገችው። በእንግሊዝኛ፣ ቀስ ብላ፦

«ልጅዎ የሚኖረው ብቻውን ነው?»

«የስ» ማለት ምን አለው? እኔም ጥፍሬን አየሁ።

ባለፈው እሁድ ስትደውል ከኋላህ ሕፃን አለቀሰ። «የጎረቤት ነው» አልከኝ፤ ሳልጠይቅህ። ዕድሜዬን ሙሉ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከግድግዳ ወዲያ ያለ ለቅሶና ክፍል ውስጥ ያለ ለቅሶ አይምታታብኝም። ከዚያ ለቅሶው ወደ ስልኩ ቀረበ፤ ቀረበና በረደ። ያቀፍከው አንተ ነህ። እሷ ደግሞ በየማታው ነው የምታወራህ፤ እኔ የሰማሁትን ሳትሰማ አትቀርም።

ይህንን እያወቅኩ እኮ ነው ቦርሳዋን የከፈትኩት።

«እርስዎም ጥያቄው አልገባዎትም፣ እማማ?» አለችኝ፤ አሁን በራሳችን ቋንቋ። መነጽሬን እጄ ላይ አስቀምጣ ወደ ኩሽና ገባች። ቧንቧው ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ሰማሁ። ዕቃ አላጠበችም።

ዛሬም እንለማመዳለን። «እንቀጥል» ያለችው እሷ ናት። ያንን ጥያቄ ግን ከእንግዲህ አልጠይቃትም፤ መልሱ ያለው አንተ ጋ ነው። ለእኔ አትጻፍልኝ። ለእሷ ንገራት፤ ሻንጣዋን ሳትዘጋ፣ ኤምባሲው ሰዎች ፊት ቆማ ስላንተ ሳትምል።

መጣች መሰለኝ።

ክፉ አይንካህ ልጄ። እዚያ ያለውንም ትንሽ ሰው ክፉ አይንካው። ማታ ማታ ለቅሶ ካበዛ ጆሮውን ለሐኪም አሳየው፤ ሕፃን ሳለህ አንተንም የሚያስለቅስህ ጆሮህ ነበር።

እናትህ