ከወጥ ቤቱ መስኮት የተፈታው ሞተር

ደማም፣ መዝሩዒያ
ጥቅምት 23 ቀን 2011 ዓ.ም.

ለምወድህ አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? ወገብህስ እንዴት ነው? ከመኪና ሥር ስትወጣ ማንም እንዳያይህ ዞር ብለህ፣ መሬቱን ተደግፈህ እንደምትነሳ ስለማውቅ ነው የምጠይቅህ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ጤናዬ ደህና ነው። ይህን ደብዳቤ የያዘችልህ እየሩስ የጎረቤታችን ቤት ሠራተኛ ናት፤ ለእረፍት ኮምቦልቻ መግባቷ ስለሆነ ነው የላክኩባት። ለምን አልደወልሽም እንዳትለኝ። ደውዬ ነበር። ድምፅህን ስሰማ ስለ ሙቀቱ አውርቼ ዘጋሁት።

ከባዱን ላስቀድም። የኾባሩ ሥራ ቀርቷል። አሠሪዬ ማዳም እዚያ የመኪና መለዋወጫ በሚያስመጣው የወንድሟ ድርጅት ቢሮ ልታስገባኝ ቃል የገባችልኝ ሥራ ማለቴ ነው። ጋራዥህ ውስጥ ያልነገርከው ሰው እንደሌለ እማዬ አጫውታኛለች። በተማረችበት ልትሠራ ነው እያልክ ደረትህን ነፍተህ ስትዞር ይታየኛል፤ እሱ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ። እንዴት እንደሆነ ልንገርህና ከዚያ ተቆጣኝ።

እዚህ ቤት ኑህ የሚባል ሾፌር አለ። የደጋን ሰው ነው፤ ከእኛ ቤት ተነስቶ ምሳ ሳይደርስ ደጋን መግባት ይቻላል። ባባ የምንለው የማዳም ባል በረሃ ላይ በጎች ስላሉት ኑህ በአሮጌ አይሱዙ ውኃና ገብስ ያመላልስላቸዋል። መኪናው የሚያድረው ግቢው ነጭ ንጣፍ ላይ፣ ከወጥ ቤቱ መስኮት ፊት ለፊት ነው። ንጣፉን የማጥበው ደግሞ እኔ ነኝ።

ሞተሩ ዘይት ማንጠባጠብ ሲጀምር ባባ ጥፋቱን በኑህ ላይ አደረገ። አነዳድህ ነው የጎዳው፣ ሁለተኛ ጠብታ ካየሁ ኹሩጅ አለው። ጓዝህን ይዘህ ወደ አገርህ ማለቱ ነው። ከዚያ በኋላ ባባ ሳይነሳ ጠብታውን እየጠረግኩ እደብቅለት ጀመር። አንድ ጠዋት ግን አላስቻለኝም፤ መጥረጊያውን ጥዬ ተንበረከክኩና ከሥር አየሁት። ዘይቱ የላስቲክ ቺንጋው ከሚዞርበት ከፑሊው ጀርባ ወጥቶ ዙሪያውን ተረጭቷል። ያን ያህል የተማርኩት ሩዝ ለመቀቀል ነው ወይ እያልኩ ስንገበገብ የከረምኩ ልጅ፣ ያንን ሳይ ልቤ ዘለለ።

በዚህ ቤት ሴት ሠራተኛና ሾፌር አብረው አይቆሙም። ሰላምታችን ሁሉ ወንፊት በተወጠረበት የወጥ ቤት መስኮት በኩል ነው፤ እሱም ማዳም ከሰማች ሙሽኪላ ነው፣ ጣጣ ይመጣል። በዚያው መስኮት፣ የፊቱ የክራንክ ሻፍት ኦይል ሲል፣ ዘይቱን የሚያግደው የጎማ ቀለበት፣ ነው ያለቀው አልኩት።

"ማን ነገረሽ?" አለኝ።

"አባቴና ዩኒቨርሲቲው።"

"ሁለቱ ከተስማሙማ እኔ ማን ነኝ፣ ኢንጂነር" ብሎ ሳቀብኝ። ግን ሲሉን ገዝቶ መጣ።

ዓርብ ቀን ባባ ከጁምዓ በኋላ ወንድሙ ቤት ነው ምሳ የሚበላው፤ ማዳም ትተኛለች። ኑህ ሰግዶ እንደተመለሰ ልብሱን ለውጦ ሞተሩ ላይ ተጎነበሰ። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ በወንፊቱ አዛለሁ፣ እሱ ይሠራል። ቺንጋውን አወጣ፤ የፑሊውን ቡሎን ሙሉ ክብደቱን ጥሎበት ፈታ፤ ፑሊውን ስቦ አወጣው። አሮጌውን ኦይል ሲል በካቻቢቴ ሲፈነቅል ዘንጉን እንዳይጭርብኝ ብዬ፣ በያዝኩት ቢላዋ አያያዙን አየር ላይ አሳየው ነበር።

ከዚያ አንተ ያስተማርከኝን አዘዝኩት። ሲሉ አቅፎት የኖረውን የፑሊውን አንገት በጥፍርህ ዳስሰው አልኩት። አንተ እንደምትለው ጥፍር ከያዘው ብረቱ ተበልቷል፤ አዲሱ ሲል እዚያው ላይ ከተቀመጠ ያፈሳል።

"እንደ መስታወት ነው" አለኝ። ወደ መስኮቱም አንስቶ አሳየኝ፤ ግን በወንፊት ውስጥ ከቅርጹ በቀር ምን ይታያል። አመንኩት።

ዓርብ ነበር፣ አባዬ። ኑህ ዓርብ ጠዋት ጥፍሩን ሳይቆርጥ ለጁምዓ ወጥቶ አያውቅም። ያን ዕለትም በሩ ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ ሲቆርጥ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ብረቱን የዳሰሰው የጣቱ ሥጋ ነው። እሱ ሲል ቀይሮ አያውቅ፤ ጥፍር ለምን እንደፈለግኩ አልነገርኩት። ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

አዲሱን ሲል ከንፈሩን ዘይት ቀብቶ፣ በእንጨት ዙሪያውን እያመጣጠነ መታ መታ አድርጎ አስገባው። ሞተሩ ሲነሳ ደረቅ ነበር። እንዴት እንደ ቦረቅኩ! ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ሁሉ ሳህን ሳጥብ ራሴን ኾባር ቢሮ ውስጥ፣ ጠረጴዛ ላይ ኦይል ሲል ደርድሬ አየው ነበር።

ማክሰኞ ባባ ራሱ እየነዳ እንግዶቹን በጎቹን ሊያሳይ ሄደ። ዘይቱ መንገድ ላይ ተንጠፍጥፎ አለቀና መኪናው መሐል በረሃ ቆመባቸው። የመጣው መካኒክ፣ ይህን ሰሞኑን ሰው ፈትቶታል፣ የፑሊው አንገትም ተበልቷል አለው። ኑህ እኔ ነኝ የፈታሁት፣ ብቻዬን ነኝ አለ። በር ላይ ካለችው ክፍሉ እንዳትወጣ ተባለ።

ባባ ግን ኑህ ቡሎን ፈትቶ እንደማያውቅ ያውቃል። ማዳምም በእንቅልፏ መሐል የሴት ድምፅ እንደሰማች ነግራዋለች። ወጥ ቤት ድረስ መጥቶ፣ ያሳየሽው አንቺ ነሽ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

"ላ፣ ባባ" አልኩት። አይደለሁም አልኩት።

ኾባር ነው የታየኝ። ሌላ ምክንያት አልፈልግለትም።

የኑህ ፓስፖርት ባባ ከቆለፈበት ሳጥን ወጣ። ለሚስቱ ለዘሐራ እየመጣሁ ነው ብሎ ደወለላት፤ ስታለቅስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲያባብላት ወጥ ቤት ሆኜ ሰማሁ። ዝም አልኩ። ምሳ ሠራሁ፣ እራት ሠራሁ። በማግስቱ ሻንጣውን ሊያወጣ ሲያልፍ መስኮቱ ጋ ቆም አለ።

"ሰርኬ፣ ያን ቀን ጥፍሬን ቆርጬ እንደነበር ትዝ አለኝ" አለኝ። "ሥራሽን ያበላሸሁብሽ እኔ ነኝ። አፉ በይኝ።"

እሱ እኔን አፉ በይኝ አለኝ፣ አባዬ።

የያዝኩትን ሳህን አስቀምጬ፣ ሳልጠራ ወደማልገባበት ወደ ባባ እንግዳ መቀበያ ገባሁ። "ያዘዝኩት እኔ ነኝ" አልኩት። "እጁ የእሱ ነው፣ ጥፋቱ ግን የእኔ ነው።" ይህን ማን አስተማረሽ አለኝ፤ አባቴ አልኩት። ታዲያ ለምን ላ አልሽኝ ሲለኝ፣ ኾባር መሄድ ስለፈለግኩ አልኩት። ኸላስ፣ በቃ ሂጂ አለኝ። ማታውን የኑህ ፓስፖርት ወደ ሳጥኑ ተመለሰ።

ማዳም በመስኮት ከወንድ ጋር የምታወራ ልጅ ወንድሜ ቢሮ አትገባም አለች። ኾባር እንዲህ ቀረ። መስኮቱንም ከውጭ በሳንቃ አስመቱት፤ አሁን ወጥ ቤቱ ቀንም መብራት ነው። የተበላው የፑሊ አንገት ቀጭን የብረት ቀለበት ለብሶ አዲስ ሲል ገብቶለታል ይባላል። እኔ አላየሁትም። ንጣፉንም ሌላ ሰው ነው የሚያጥበው።

ተስፋ ቆረጠች እንዳትል። ያን ዓርብ ሽንኩርት እየከተፍኩ የሆንኩትን ያህል ኢንጂነር ሆኜ አላውቅም። ኮንትራቴ ሲያልቅ እመጣለሁ፤ ጋራዥህ ውስጥ ቦታ ካለህ ከመኪና ሥር እኔ ልግባ፣ አንተ ከላይ ሆነህ እዘዘኝ። የጋራዡ ሰዎች ስለ ኾባር ሲጠይቁህ ምን እንደምትላቸው ግን አላውቅም። ይቅር በለኝ።

አንድ ነገር ቀረኝ። መጀመሪያ ላ ማለቴን ኑህ አያውቅም። ባባ አልነገረውም፣ እኔም የምነግርበት መስኮት የለኝም። ቢኖረኝስ እነግረው ነበር? እንጃ። እንደተጠየቅኩ ወዲያው የተናገርኩለት ነው የሚመስለው። በእየሩስ በኩል፣ "እንዲህ ያለች ልጅ ላሳደገ አባት አላህ ዕድሜና ጤና ይስጠው፤ ሰግጄ በተነሳሁ ቁጥር ዱዓ አደርግለታለሁ" ብሎ ልኮልኛል።

ዱዓውን አንተ ተቀበለው፣ አባዬ። እኔ መቀበል አልቻልኩም።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። እመብርሃን ወገብህን ታጽናልህ፤ ቤታችሁን ከክፉ ትጠብቅልኝ።

ልጅህ፣
ሰርክአዲስ ጎበና