ታጥባ ለተመለሰችልን ብልቃጥ የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለክቡር ሙሲዩ ዓብዱረዛቅ፣ በፔካ 12 ሰፈር የቀዝቃዛ ዕቃዎች መጋዘን የፍተሻ ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኛ በቡላኦስ ሰፈር የምንገኝ የአንዲት ትንሽ ላቦራቶሪ ሠራተኞች፣ ሙቀቱና የእርስዎ ትጋት ካደረሱብን በቀር፣ ደኅና ነን። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው እንዲህ ያለ ውለታ በጓዳ መመስገን ስለማይገባው ነው።

፩ኛ፦ ባለፈው ሐሙስ የመጣችልን ብልቃጥ የትንሽ ጣት ጫፍ የምታህል ነበረች። በውስጧ ካልሲየም የሚይዝ የሰው ፕሮቲን ነበረ፤ ከሰው ተቆርጦ የተወሰደ ሳይሆን ባክቴሪያ በላቦራቶሪ የሠራው፣ ለምርምር ብቻ የሚውል። በዓይን የማይታይ ደረቅ ብናኝ መሆኑን አብሮ የመጣው ወረቀት በፈረንሳይኛ ገልጿል። እርስዎ ግን ወረቀት የሚያታልልዎ ሰው አይደሉምና ብልቃጧን የሰሊጥ ጆንያ በሚመዘንበት ሚዛን ላይ አስቀመጧት። ሚዛኑ ዜሮ አለ። ሚዛኑን በማመንዎ አልወቅስዎትም፤ ለሰሊጥ ታማኝ ነው።

፪ኛ፦ «አይከፈት» የሚለውን ጽሑፍ ባዩ ጊዜ፣ ለምን እንደማይከፈት ለማወቅ ከፈቷት። ገልብጠው ጠረጴዛው ላይ ቢያንኳኳት ጠብ የሚል ነገር ጠፋ።

፫ኛ፦ ይህን ሳልጠቅስ ባልፍ ውለታ ቢስ እሆናለሁ። ባዶ ዕቃ ቆሽሾ ለባለቤቱ አይመለስም ብለው በሳሙና አሳጠቧት፤ በፎጣ አስደርቀው ወደ በረዶ ሳጥኗ መለሷት። ከዚያም ባዶ መሆኗን አይቼ እንደተረከብኩ ካልፈረምኩ ሳጥኑ ከበር እንደማይወጣ በትሕትና ነገሩኝ። ፈረምኩ።

ከአዲስ አበባ ድንበር ተሻግራ የመጣችው ተማሪያችን የምስራች ይህን ፕሮቲን ሁለት ወር ሙሉ ጠብቃለች። የመመረቂያ ሥራዋ ያለ እርሱ አያልቅም፤ የመቆያ ፈቃዷ ግን በዚህ ወር መጨረሻ ያልቃል። ብልቃጧን ስሰጣት ወደ ብርሃን አንሥታ አየቻት፣ አሸተተቻት፣ ከዚያ ጓንቷን አወለቀች። እዚህ ላይ ትሕትናዬን ለጊዜው ላስቀምጠውና፣ ክቡር ሆይ፣ በጣም ተናድጃለሁ።

ለንጽሕና ያለዎትን ፍቅር ፈጣሪ ከማናቸውም ዕቃችን አርቆ እንዲያቆይልዎ ከልብ እየጸለይኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር ስሜን ከዚህ በታች አኖራለሁ።

ከይረዲን
የላቦራቶሪ ቴክኒሻን፣ ቡላኦስ

ማስታወሻ፦ አምራቾቹ አዝነውልን ሌላ ብልቃጥ ልከዋል፤ ማክሰኞ በእርስዎ በር ታልፋለች። ከሰኞ ጀምሮ የዓመት ዕረፍትዎን ቢወጡ፣ የምስራች በመመረቂያ ጽሑፏ የምስጋና ገጽ ላይ ከአማካሪዋ ስም አስቀድማ ስምዎን ለማስፈር ቃል ገብታለች። ምክንያቱንም ከወዲሁ ጽፋዋለች፦ «በሥራ ገበታቸው ላይ ባለመገኘታቸው»።