አንድ በአንድ ግቡ

የካቲት 4

ተፈቀደላት! ልጄ ሠርክ የዶክትሬት ጥናቷን በአማርኛ ተናጋሪዎች ላይ እንድትሠራ ተፈቀደላት! ምግብ ቤት ለገባ ሁሉ ሳወራ ዋልኩ። ሰው ጫጫታ መሃል ሆኖ የሚነገረውን እንዴት እንደሚረዳ ነው የምታጠናው። ማታቱ ታክሲ ውስጥ ሙዚቃው እየጮኸ፣ ጎንሽ ያለችው ስታወራሽ እንዴት ይገባሻል? ወጥ ቤት የምትሠራልኝ አያልነሽ፣ «ለመስማትም ዶክተር አስፈለገ?» አለች። ትሳቅ። ተመስገን ነው እኔ የምለው።

የካቲት 6

ለጥናቷ አድማጭ አነሳት። ድምፅ የምትቀዳበት ክፍል የተሰጣት እስከሚቀጥለው ዓርብ ነው። ካልሞላላት ሌላ ዓመት ልትጠብቅ...

«እማዬ ፕሊስ፣ ሰው ፈልጊልኝ።»

ለእኔ ተይው አልኳት።

የካቲት 10

ወይ ጉድ! አያልነሽንና ኢስሊ ሰፈር ጨርቅ የምትሸጠውን ጓደኛዬን ሰዲቃን ይዤ ሄድኩ። ክፍሏ ጠባብ፣ በሩ የሚዘጋ። ከስፒከር ድምፅ ይመጣል፣ የሰማሽውን ትደግሚያለሽ። ብቻሽን። ሠርክ ስልክ ልታነሳ ወጣ ስትል ሰዲቃ ዘላ አያልነሽ ጋ ገባች።

«እዚህ ጉድጓድ ውስጥ ብቻዋን ትቀመጥ እንዴ?»

አያልነሽ ባቃታት ቁጥር ሰዲቃ ጆሮዋ ሥር ሹክ! እኔ ደግሞ ውጭ ቆሜ እኮራለሁ። ሠርክ ቅጂውን ስትሰማ ፊቷ ጠቆረ።

«አክስቴ፣ ፈተና እኮ አይደለም! ስትሳሳትም ማየት አለብኝ!»

የሁለቱም ተሰረዘ። ዓረፍተ ነገሮቹን ሰምተዋቸዋል፣ መድገም አይቻልም።

የካቲት 11

እራት አልበላችም።  ሳህኗን እንዳለ አነሳሁት።

የካቲት 13

ሰዲቃዬ! አላህ ይስጥሽ። ሱቋን ዘግታ አማርኛ የሚችሉ የሱቅ ጎረቤቶቿን በማታቱ ጭና መጣች። በሩ ላይ ተገትራ፣ «አንድ በአንድ! ሹክ ያለ ጸቡ ከእኔ ጋር ነው!» ከጎረቤቶቿ አንዱ ጃፈር ሚስቱን ተከትሎ ሊገባ ሲል በጃኬቱ ጎትታ መለሰችው። ሠርክ በሳቅ ሞተች። ሞላላት!

ግንቦት 11፣ በዓመቱ

አለፈች! ዶክተር ሠርክ! ፈታኞቹ «ሁለቱ አድማጮች ለምን ከጥናቱ ወጡ?» ብለው ጠየቋት አሉ። የሹክሹክታውን ስትነግራቸው ሳቁ። አንዷማ፣ «ሰው ሲረዳዳ እንዴት እንደሚሰማ ቀጥለሽ አጥኚ» አለቻት። ስትደውል ኪሊማኒ ሰፈር መንገድ ዳር ነበርኩ፣ ጥሩምባው፣ ማታቱው... ግማሹን አልሰማሁትም። ግን ገና «እማዬ» ስትል ገባኝ። እዚያው አለቀስኩ።

ግብዣው እዚሁ ምግብ ቤቴ ነው። አያልነሽ ያን ቀን ወጥ አትነካም፣ እንግዳ ናት። ለነሰዲቃ ሥጋው ከኢስሊ ይመጣል፣ ድስቱም ለብቻ። ጃፈር ከነሚስቱ፣ ያ የሱቅ ሰው ሁሉ... በዚህ በር አንድ በአንድ መግባት የለም፣ ተያይዞ ነው። እሑድ፣ ግንቦት 16!