ወንድሜ ላልተወነው አወዳደቅ ስለ ተሰጠው ሽልማት

ለተከበሩ የቴሌቪዥን ጣቢያው የድራማ ክፍል ኃላፊ እና የዓመቱ ሽልማት ኮሚቴ ሰብሳቢ፤

ከሁሉ አስቀድሞ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ የተሟላ፣ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ የማያጥርዎ፣ ሁለቱም እጆችዎ እኩል የሚታዘዙልዎ እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ። ይህን የምለው ለወግ ያህል አይደለም፤ የአንድ ሰው ግራ እጅ ድንገት አልታዘዝም ሲል ከመሥሪያ ቤትዎ ምን ዓይነት እርዳታ እንደሚገኝ በቤተሰብ ደረጃ ስለምናውቅ ነው።

እኔ ተመልካች ሁሉ «ጋሽ ቁልፉ» እያለ የሚጠራው፣ በድራማዎ ውስጥ ሽማግሌውን ዘበኛ ሆኖ የሚሠራው ተዋናይ ታናሽ ወንድም ነኝ። እውነተኛ ስሙን ባያስታውሱት አልቀየምም፤ ስሙ በስክሪኑ ላይ በሚያልፍበት ሰዓት ተመልካቹ ብዙውን ጊዜ ተነሥቶ በር ላይ ደርሷል። ሠላሳ ዓመት ያህል ዘበኛ፣ ሹፌር፣ አራጣ አበዳሪ፣ የሙሽራ አጎት እየሆነ በሌላ ሰው ታሪክ ውስጥ በር ሲከፍትና ሲዘጋ ኖሯል። ዘበኛ ሆኖ ሲሠራ ከቁጥሩ ከፍ ያለ ጫማ ይጠይቅ ነበር፤ «የዘበኛ ጫማ መጀመሪያ የሌላ ሰው ነበር» ይላል። ይህን እርስዎ አላዩትም፤ ሊያዩትም አይገባም ነበር፤ ሥራው በደንብ የተሠራ መሆኑ የሚታወቀው ሳይታይ ሲቀር ነውና።

አሁን ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩. በመጀመሪያ የዳይሬክተርዎን ጥበባዊ ትዕግሥት አመሰግናለሁ። በዚያ ቀን ወንድሜ ወደ ሳሎኑ ገብቶ «ጌታዬ፣ የጓሮው በር ክፍት አድሯል» ብሎ እንዲወጣ ነበር የተጻፈለት። «ጌታዬ፣ የጓሮው በር» አለና ወደቀ። ቁልፎቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ። በስቱዲዮ ሕግ ዳይሬክተሩ «ከት» ብሎ ቀረጻውን እስኪያቆም ድረስ ማንም ተዋናይን አይነካም፤ ለዚህ ሕግ ደግሞ ከወንድሜ የባሰ ቀናተኛ አልነበረም፤ ወጣቶቹን «ከት እስኪባል ቤትህ ቢቃጠል እንኳ የጎረቤት ቤት ነው በል!» እያለ ይቆጣቸው ነበር። ዳይሬክተርዎም ያልተጻፈ ነገር በነፃ ስለ ተገኘ ተደስተው ካሜራው ወደ ፊቱ እንዲጠጋ በእጃቸው ምልክት ሰጡ፤ የጠገቡ ሲመስላቸው «ከት» አሉ፤ ክፍሉም በጭብጨባ ተናጋ። ከዚያ ተነሥቶ እጅ እስኪነሣ ሁሉም ጠበቀው። ጭብጨባው አለቀ፤ እሱ አልተነሣም።

፪. ሁለተኛው ምስጋናዬ የቤተሰቡን ልብ ላለመስበር ስለ ተደረገው ጥንቃቄ ነው። ከቢሮዎ የደወሉልን ሰው ስትሮክ የመታው በእረፍት ሰዓት፣ ሻይ እየጠጣ ሳለ ነው ብለውናል። አመንን። ባለቤቱ አልጋው ጎን ቁጭ ብላ እያለቀሰች፣ «ስኳር ተው፣ ስኳር ተው ስልህ! አሁንስ ሻይህን ጠጣህ?» እያለች ስትቆጣው፣ አፉ አልንቀሳቀስ ብሎት ላልጠጣው ሻይ ተወቅሷል።

እውነቱን የነገረን ቴሌቪዥንዎ ነው። ደራሲዎ በማግስቱ ዘበኛውን በድንጋጤ ገድለው ታሪኩን ስላስተካከሉት፣ ክፍሉ ሳይቆረጥ ተላለፈ። ሁላችንም ሳሎን ተሰብስበን ነበር። ባለቤቱ ገና ቁልፎቹ ሲወድቁ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እኔ ለማጥፋት ስነሣ እሱ በደህናው እጁ ተው አለኝ፤ እስከ መጨረሻውም ተመለከተ። ሲያልቅ አንዱን ቃል ከሌላው ጋር በመከራ እያገናኘ፣ «እሰማቸው ነበር... ከት እስኪሉ... ጠብቄ ነው» አለን። ማናችንም ዓይኑን ለማየት አልደፈርንም። ሴት ልጁ ያልጮኸ ስልክ ለማንሣት ወጣች። እኔም፣ አርባ ተማሪ ፊት ቆሜ መናገር የማያሳፍረኝ መምህር፣ ምንጣፉን ሳይ ቆየሁ።

፫. ከሁሉ የሚበልጠው ምስጋና ግን ለሽልማቱ ነው። ኮሚቴዎ የላከው ጽሑፍ «ከተጻፈለት በላይ በመሄድ ሞትን በማይታመን ተፈጥሯዊነት ስላቀረበ» ይላል። አድናቆቴን ይቀበሉኝ፤ ሠላሳ ዓመት ሲሠራ ያላዩትን ሰው፣ አንድ ቀን መሥራት ሲያቅተው አዩት። ይኸው አሁን የቤት ዕቃ ሻጩ ጎረቤታችን በመስኮት አንገቱን አስገብቶ፣ «ጋሽ ቁልፉ፣ እንዴት ያለ አወዳደቅ ነው! እኛንም አስተምሩን እንጂ!» ይላል፤ ወንድሜም ሰርቆ እንደ ተያዘ ሰው አንገቱን ይደፋል። ከዚያ ወዲህ መስኮቱ እንዲከፈት አይፈልግም። የሚያሳፍረው የተጣመመው አፉ መስሎኝ ነበር። አይደለም። «ቃሌን ሳልጨርስ... ባልሠራሁት... ተጨበጨበልኝ» ነው የሚለው።

በዚህ ላይ በሽልማቱ ምሽት በተሽከርካሪ ወንበር መድረክ ላይ እንዲወጣና፣ ከጀርባው ያ አወዳደቅ በትልቅ ስክሪን እንዲታይ መወሰንዎን ሰምተናል።

ክቡርነትዎ፣ ከተጻፈለት በላይ ሲሄድ ማየት ከፈለጉ መዝገብ ቤትዎን ያስፈትሹ። ከብዙ ዓመት በፊት ልጁ የተከሰሰበትን አባት ሆኖ ከችሎቱ ደጃፍ የተቀመጠበት ፊልም አለ። ለልጁ ብርቱካን ይልጣል። ከውስጥ ፍርዱ ሲሰማ አይጮህም፤ አያለቅስም፤ ያንን የላጠውን ብርቱካን መልሶ በልጣጩ ሊሸፍነው ይሞክራል። ይህን የጻፈለት ማንም የለም። የሸለመውም የለም። ያንን ያሳዩለት፤ በዚያ ቀና ብሎ ይወጣል። የወደቀበትን የሚያሳዩ ከሆነ ግን ወንድሜ አይመጣም፤ ዋንጫውን እንዲያስቀሩት በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከዚህ ጋር አንድ የአድራሻ ስህተት ላርም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛ ቤት ገብቶ አልወጣ ያለ እፍረት አለ፤ ስንመረምረው የእርስዎ መሥሪያ ቤት ንብረት ሆኖ አገኘነው። በዚህ ደብዳቤ ለባለቤቱ መልሰናል።

በዓይን ለማያዩት ሥራ ያለዎት ክብር እስከ ዛሬ እንዳልጎዳዎት ሁሉ ወደ ፊትም እንዳይጎዳዎት እየተመኘሁ፣ ጎንበስ ብዬ የምሰናበትዎ፣

የጋሽ ቁልፉ ታናሽ ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ወንድሜ በየጠዋቱ መስተዋት ፊት ተቀምጦ ያቋረጠውን ዐረፍተ ነገር ይለማመዳል። ትናንት «ክፍት» የሚለው ላይ ደርሷል። «አድሯል» ላይ ሲደርስ ካሜራ ይላኩልንና በወጉ ይጨርሰው። በዚህኛው ላይ ግን፣ በትሕትና አደራ፣ በሰዓቱ «ከት» የሚል ሰው አብረው ይላኩ።