ድምፄ ሳለ

ጥቅምት 6
ጠዋት የአንዲት ደንበኛ እጅጌ ረዝሞባት አሳጠርኩላት። ከሰዓት ሐኪም ቤት... "ዕጢው ሰፍቷል፤ ማንቁርትዎ መውጣት አለበት" አለኝ ሐኪሙ። ድምፄስ? ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። ከዚያ ወዲያ ያለውን አልሰማሁም።

ጥቅምት 9
ታናሽ እህቴ መጣች፤ ወሬኛዬ። "ቪዲዮ እንቅረፅሽ። ልጅሽ ድምፅሽን ትያዝ።" እውነቷን ነው። ልጄ ገና አራት ዓመቷ... ትረሳዋለች።
ስልኩን መደርደሪያው ላይ አቆመችው። መቅዳት ሲጀምር ምላሴ ተሳሰረ። "ጤና ይስጥልኝ" አልኩ። ለገዛ ልጄ! እህቴ ሳቋን ዋጠች።

ጥቅምት 11
ዛሬም አልሆነም። የመታወቂያ ፎቶ የምነሳ ይመስል ፊቴ ድርቅ ይላል። "ስልኩን ተይው፣ እኔን እያየሽ አውሪ" ትለኛለች። እሷን ሳይ ደግሞ እንባዬ ይቀድመኛል። ምን ይሻለኛል?

ጥቅምት 13
ሲሰለቸኝ ስፌቴ ላይ ተቀመጥኩ። ስልኩን አላጠፋችውም ነበር። እጄ ሥራ ሲይዝ አፌ ተፈታ... ልጄ ስለተወለደችበት ቀን፣ ጥርስ ስታበቅል ስለነከሰችኝ፣ ስንቱን አወራሁ። ደስ አለኝ።
ኋላ ስናየው ግማሹ አይሰማም። ለካ ስፒሎቹን እንደ ልማዴ በከንፈሬ ነክሼ ኖሯል! "አፍሽንም ሰፋሽው እኮ" አለች እህቴ። ሳቅን። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን።

ጥቅምት 14
ስፒሎቹን እህቴ ቀማችኝ። እየሰፋሁ አወራሁ። ስልኩ መኖሩንም ረሳሁት። መሀል ላይ ድምፄ ተሰበረ። "እንድገመው?" አለች እህቴ።
ይቅር፣ እንዳለ ይሁን።

ኅዳር 2
ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቤቴ ገባሁ። አንገቴ ላይ ቀዳዳ አለ፤ የምተነፍሰው በሱ ነው። ልጄ ፈርታኝ አልቀረበችም። ስልኩን ታቅፋ ቪዲዮውን ታያለች፤ "እሺ እማዬ" ትለዋለች። እኔ በር ላይ ቆሜ... ቀናሁ። ሰው በራሱ ይቀናል?

ኅዳር 17
ጠዋት ልብስ ሳጣጥፍ መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ስልኩ ሳሎን ቀርቷል። ድምፅ እንደሌለኝ ረስቼ "ራበሽ?" አልኳት። ከንፈሬ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው።
"አልራበኝም" አለች። ከንፈሬን አይታ፣ ምንም ሳትገረም፣ ካልሲዎቿን ታጣምር ጀመር።
ፊቴን ወደ ቁም ሳጥኑ አዞርኩ። እንዳታየኝ።